“ቤቶች!” የሚል ጠፋ

ወይ ጊዜ! እናንተ የዘመኔ ሰዎች፣ ስትነሡ ጉልበታችሁ የሚንቋቋ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ ቤት ሙሉ የምትፈልጉ ሁሉ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ ደጃፋችሁ ላይ ቆሞ “ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ!” ያለ ሰው ከሰማችሁ ስንት ዘመን ሆናችሁ? እኔ ድምፁንም ረስቼዋለሁ። የዛሬ ሰው ሲመጣ ቀድሞ ስልኩ ነው የሚጮኸው። “መንገድ ላይ ነኝ” ይላል። ትንሽ ቆይቶ “ታክሲ ይዣለሁ” ይላል። ደግሞ “ሠፈራችሁ ገብቻለሁ” ይላል። በመጨረሻ “በር ላይ ነኝ፣ ክፈቱልኝ” ይላል፤ አሁንም በስልክ! በር ላይ ከሆንክ አታንኳኳም? እጅ አልፈጠረብህም? ድሮ እንግዳ ሳይታሰብ ከች ነበር የሚለው። ደስታውም እሱ ነበር።

በቀደም ለታ ደግሞ አንድ የባለቤቴ ዘመድ ሳይደውል ከች አለ። ያውም በምሳ ሰዓት! እህል ቀርቦ፣ እጄን ታጥቤ፣ በስመ አብ ብዬ ልጀምር ስል። ሰው እንዴት ሳይደውል የሰው ቤት ይመጣል? ስልክ የተሠራው ለምን ሆነና ነው? ይኼ ትውልድ ወግ የሚባል ነገር አያውቅም። እርግጥ ዘመድየው ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ግን ከልጆች ጋር እየዋለ ተበላሸ።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ደወሉ ነው። አማቼ በራችን ላይ የወፍ ድምፅ የሚያወጣ ደወል አስገጠመ። ጉድ እኮ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ዛፍ በሌለበት ግቢ፣ ወፍ ይዘምራል። መጀመሪያ ሰሞን ወፍ ገባ ብዬ ከመስኮት መስኮት ስንከራተት ነበር። ድሮ በር ሲመታ አመታቱ ብቻ ባለቤቱን ይናገራል። በጣቱ አንጓ ቀስ አድርጎ የሚመታው ሊበደር የመጣ ነው። በጡጫ የሚደበድበው ያበደረ ነው። በዱላው ጫፍ ጠቅ ጠቅ የሚያደርገው መነኩሴ ነው። ጨርሶ ሳይመታ ደጅ ቆሞ ጉሮሮውን የሚጠርገው የጋብቻ ሽማግሌ ነው፤ እሱ ሲመጣ ቤቱ ቶሎ ይጠረጋል። ወፏ ግን ለተበዳሪውም ላበዳሪውም ያንኑ ዜማ ነው የምታወጣው።

በሩ ላይ ደግሞ ትንሽ የመስታወት ዐይን አለች። ሰውን በቀዳዳ ማየት ነውር ነው፤ እኔ አላይም። ባይም ማን እንደሆነ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው። ችግሩ በዚያች ቀዳዳ ሲታይ ሰው ሁሉ አፍንጫው አብጦ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ዘመዱ ከወንበዴው አይለይም። የገዛ ወንድሜን “የሉም” ብዬ መልሼዋለሁ። ጥፋቱ የመስታወቱ ነው።

እኔ የተወለድኩት መንዝ ነው። መንዝን ያላወቀ ብርድ አያውቅም። ሲመሽ ጉሙ እስከ ደጃፍ ይመጣና ቁጭ ይላል። ያን ጊዜ ማደሪያ የሚባል የንግድ ቤት በዚያ አገር የለም፤ ጭስ የታየበት ቤት ሁሉ ማደሪያ ነው። ሲራራ ነጋዴው ከነአህያው፣ ከገዳም ገዳም የሚዞረው መነኩሴ፣ ለችሎት ቀጠሮ የሚሄደው ባላገር፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ “የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ” ይላል። አባቴ ስሙን አይጠይቅ፣ አገሩን አይጠይቅ። “ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ!” ነው መልሱ። እናቴ ውሻውን ትይዛለች። እኔ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አምጥቼ የእንግዳውን እግር አጥባለሁ። ያን ጊዜ እግር እኮ እግር ነበር! ከይፋት ቆላ ሽቅብ የወጣ፣ ሰላ ድንጋይን ያቋረጠ፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ፣ ታሪክ ያለው እግር። ጭቃውም የዛሬውን ጭቃ አይመስልም፤ ንጹሕ ጭቃ ነበር።

ከዚያ ሞሰብ ይቀርባል። እንግዳው ይበላል፤ “ብላ እንጂ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን!” ይባላል። እንግዳው ጠግቤአለሁ ቢልም አይሰማም፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው ፍቅር ነው ተብሎ ይታከላል። እኛ ልጆች ግድግዳ ተደግፈን ቆመን እናያለን። ከተረፈ እንበላለን። ካልተረፈም እንግዳው ሲበላ አይተን ጠግበን እንተኛለን። ማልቀስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ታናሽ እህቴ ብቻ ታለቅስ ነበር፤ እሷም በደስታ ነው። ዛሬ ሕፃኑ ከእንግዳው ቀድሞ ካልበላ ሠፈሩ በእሪታ ይቀልጣል።

እናቴ ለእንግዳ የማትሰስት ሴት ነበረች። እንግዳ ሲገባ የማሩን እንስራ ጓዳ ወስዳ እንቅብ የምትደፋበት፣ መንገደኛ ሰው በባዶ ሆዱ ማር በልቶ እንዳይታመም አስባ ነው። ዶሮዎቹንም ቶሎ የምታስገባቸው ብርዱን ፈርታ ነው። ያን ያህል ርኅሩኅ ነበረች።

ሌባም አልነበረም። እርግጥ አንድ ሌሊት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ እንግዳ የአባቴን አዲስ ባና ተከናንቦ ሳይነጋ ሄዷል። የመንዝ ባና ማለት የበግ ጠጉር ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ነገር ነው። ግን የዚያን ዘመን ሰው ጨዋነት እዩልኝ፤ ሲወጣ ብርድ እንዳይገባብን በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶልን ነው የሄደው። የዛሬ ሌባ በር ይዘጋል? አባቴ ያንን ባና እስኪሞት ድረስ ሲያነሣው ኖረ፤ በቂም ሳይሆን በትዝታ።

የቆሎ ተማሪው ሌላው ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መመከቻ ዱላውን ይዞ “በእንተ ስማ ለማርያም!” ሲል፣ ገና ድምፁ ሳይጨርስ ቁራሽ እንጀራ ይወጣለታል። በዚያ ቁራሽ ነው የዚህ አገር ሊቅ ሁሉ ቅኔ የተማረው። የመንደሩ ውሾች ለምን የቆሎ ተማሪ ላይ እንደሚበረቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የእኛ ውሻ ግን ጨዋ ነበር፤ የሚነክሰው ከተመረቀ በኋላ ነው።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ያቆሙ ጊዜ ነው። ለበሉት እንጀራ ገንዘብ መቁጠር ለሰዉ ነውር ሆኖበት አልገባም ቢል፣ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየሄዱ፣ በልተው ከፍለው አስለመዱት ይባላል። ንጉሥ ሲከፍል ያየ ሰው ምን ይላል? ከፈለ። ይኸው እስከ ዛሬ እየከፈለ ነው። እቴጌን አልወቅስም፤ ሥልጣኔ ነው አሉ። እኔም በጉርምስናዬ ደመወዝ በወጣ ቁጥር እዚያው ሆቴል ሄጄ ፓስታ እበላ ነበር። ግሩም ፓስታ ነበር። የእግዜርን እንግዳ የገደለው ግን ያ ፓስታ ነው።

ሐምሌ 7 ቀን ቤተ ክርስቲያን የምትስሙ ይህን ታውቁታላችሁ። አባታችን አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበር። ሰይጣን በዚህ ቀና። ቀናና የገዛ ራሱን ፈንክቶ፣ ደሙን እያዘራ መንገድ ዳር ተቀመጠ። ላላፊ አግዳሚው ሁሉ “ወደ አብርሃም ቤት ነው? ተመለሱ! የምታውቁት አብርሃም ቀርቷል፤ እኔንም ይኸው ደብድቦ አባረረኝ” እያለ ሰዉን መለሰው። አብርሃምም እንግዳ አጥቶ እህል ሳይቀምስ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ሥላሴ ራሳቸው በሦስት ሰዎች አምሳል ወደ ድንኳኑ መጡ። ያ የ99 ዓመት ሽማግሌ ምን አደረገ? ሮጦ ተቀበላቸው። ሮጦ! ሣራም ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለወሰች፤ ጥጃ ታረደ። “ምን ላምጣላችሁ፣ ሻይ ወይስ ለስላሳ?” የለ። ጥጃ ነው!

ዛሬ ሰይጣን ራሱን መፈንከት አያስፈልገውም። ዘበኛ አለልን። ዘበኛ ካሉትም ይቀየማል፤ “ጥበቃ” ነው የሚባለው። የግቢያችን በር ላይ የፕላስቲክ ወንበር ዘርግቶ ይቀመጥና “ማንን ፈልገው ነው? ብሎክ ስንት? የቤት ቁጥር? ይደውሉላቸውና ወርደው ይቀበሉዎት” እያለ ሰዉን ሲመልስ ይውላል። ያውም ደመወዙን በየወሩ አዋጥተን የምንከፍለው እኛው! ባለፈው ወር እንዲያውም አንዲት ቅጠል ሻጭ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ በመገኘቷ በስብሰባ ላይ አንሥቼ “ይኼ ሰው ደመወዙን የሚበላው ተኝቶ ነው ወይ?” ብዬ አፋጥጬዋለሁ። ከእኔ በቀር የሚናገር የለም፤ ሰዉ ሁሉ ፈሪ ሆኗል።

ደረጃው ላይ ደግሞ “ያለ ፈቃድ ሻጭ፣ ለማኝና ማንነቱ ያልታወቀ ሰው መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው” የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኔ እሱን ባየሁ ቁጥር ደሜ ነው የሚፈላ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የነዋሪ ኮሚቴው ጽሕፈቴ ስለሚያምር ለመነኝ። በፊደል ጥንቃቄ፣ ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ ለይቼ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም የጻፍኩትን ጽሑፍ አንድ ዱርዬ በእስክሪፕቶ “ለማኝ” የሚለውን ሰርዞ “እንግዳ” ብሎበታል። ከሁሉ የከፋው ፊደሉ ነው፤ እንግዳን በዐይኑ ዐ ጀምሮታል። ትምህርት ወድቋል፣ ወገኖቼ፣ ወድቋል።

እኔም ብሆን ደወሉ ሲጮኽ አብርሃምን አርአያ አድርጌ እሮጥ ነበር። ጉልበቴ ነው የከለከለኝ። ስለዚህ ከተቀመጥኩበት ሆኜ “ማነው? እዩት እስቲ! ምን ፈልጎ ነው? የሉም በሉት!” እላለሁ። የአቅሜን ያህል ማለት ነው።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ አንድ ሐጂ አሉ፤ ደርባባ፣ የደሴ ሰው። ቡና ሲፈላ ይጠሩኛል፤ አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይደርስ ዘመኑን ማማት እንጀምራለን። ሐጂ ወሬያቸውን የሚጀምሩት ሁልጊዜ ከነጃሺ ነው። እነዚያ የነቢዩ ተከታዮች በፈረንጆቹ 615 ዓ.ም. ከመካ ሸሽተው ባሕር ተሻግረው አክሱም ሲገቡ፣ ንጉሡ ተቀበላቸው። ጠላቶቻቸው ከኋላ ስጦታ አስጭነው መጥተው “ስደተኞቻችንን መልሱልን” ሲሉት፣ የስደተኞቹን ቃል ካደመጠ በኋላ ስጦታውን ለባለቤቶቹ መለሰ እንጂ እንግዶቹን አሳልፎ አልሰጠም። “እዩ እንግዲህ፣ መታወቂያ አልጠየቀ፣ ዋስ አልጠየቀ” አሉ ሐጂ። “የቤት ቁጥርም አልጠየቀ” አልኩ እኔ። “ዛሬ ቢሆን!” አሉ። “ዛሬ ቢሆንማ!” አልኩ። ተያየንና ራሳችንን ነቀነቅን።

ይህን ስንል በሩ ተንኳኳ።

ሁለታችንም ዝም አልን። ሐጂ ሲኒያቸውን እንዳይንኳኳ አድርገው ቀስ ብለው አስቀመጡ። እንደገና ተንኳኳ። እኔ በጣቴ “እሽሽ” አልኳቸው። እሳቸው ቴሌቪዥኑን ቀነስ አደረጉ። ትንሽ ቆይቶ የእግር ኮቴ ደረጃውን ሲወርድ ሰማን። “ቆጣሪ አንባቢ ይሆናል” አሉ ሐጂ። “ወይ መዋጮ ሰብሳቢ” አልኩ። ተነፈስን። “እና ምን እያልን ነበር?” አሉ። ስለ ነጃሺ ነበር።

በር ማንኳኳትን ካነሣን ደግሞ ቡሄን ላንሣ። ድሮ ደብረ ታቦር ሲደርስ ልጆች በዱላ መሬት እየደበደቡ በየደጁ “ሆያ ሆዬ” ይላሉ፤ የቤቷ እመቤት ሙልሙል ታወጣለች፤ መርቀው ይሄዳሉ። ዘንድሮ ዘበኛው እንዴት እንደተዘናጋ እንጃ፣ ጥቂት ልጆች አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። ሙልሙል ሰጠኋቸው። “አባባ፣ ብር የለም?” አሉኝ። ስግብግቦች! አንድ ብር አውጥቼ ሰጠሁ። እርስ በርስ ተያዩ። “ለስንታችን ነው?” አለ ትንሹ። “ዝርዝር ካልያዙ በስልክም ይቻላል” አለ ትልቁ፣ ቁጥሩን ሊነግረኝ እየተዘጋጀ። በሩን ዘጋሁባቸው። በእኛ ጊዜ በአሥር ሳንቲም ምርቃቱ ሠፈር ያናውጥ ነበር። አሁን በዚያው ላይ አሥር እጥፍ ጨምሬላቸው እንኳ ምስጋና የለም።

አሜሪካ ያየሁት ደግሞ ይባስ። ልጄ የሚኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሐበሻ የሞላበት ከተማ። ሻንጣዬን ሳልፈታ “አባዬ፣ በር ቢንኳኳ እንዳትከፍት” አለኝ። የጎረቤቱን ስም ጠየቅኩት፤ አያውቅም። የጎረቤቱን ውሻ ስም ግን ያውቃል። ይኼን ያዙልኝና፣ ኦክቶበር 31 በሚሉት ዕለት ማታ፣ ልጄ ሥራ ላይ እያለ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳ አየሁ፤ ዐፅም ቆሟል። ከዐፅሙ ጎን አንዲት ጠንቋይና አንድ ድመት አሉ፤ ቁመታቸው ከወገቤ አይበልጥም። አማተብኩና ከፈትኩ። የፕላስቲክ ዱባ ዘረጉልኝ። ገባኝ፤ ለማኞች ናቸው፤ ምስኪኖች፣ ልብስ እንኳ የሚሆን አጥተዋል። ከአገር ይዤ የሄድኩትን ገብስ ቆሎ በየዱባው እፍኝ እፍኝ አደረግኩላቸው። ዐፅሙ ቆሎውን አየ፣ እኔን አየ፣ “ታንክ ዩ” ብሎ ሄደ። ልጄ ሲመጣ ራሱን ያዘ፤ የሚሰጠው ከረሜላ ነው አለኝ፤ ወላጆች ማታ ዱባውን ገልብጠው አንድ በአንድ ይመረምሩታል አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ! በዓመት አንዲት ሌሊት፣ ያውም ፊቱን ለሸፈነ፣ በር የሚከፍት አገር! ፊቱን ገልጦ ለመጣው ግን ፖሊስ ይጠራል። ይኼ ደግሞ ሠለጠነ ተብሎ ከእኛ እኩል ስለ እንግዳ ያወራል።

አሁን ወደ ቤቴ ጉድ ልምጣ፤ የጻፍኩትም በእሱ ተቃጥዬ ነው። የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፤ ወጥ መሥራት ግን አልጨረሰችም። ምግብ በስልክ ታዛለች። በሐምሌ፣ በረዶ እየወረደ፣ ወፏ ዘመረች። በአጋጣሚ አጠገቡ ቆሜ ስለነበር ከፈትኩ። አንድ ልጅ፣ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ሆኖ፣ ጀርባው ላይ ሣጥን የሚያህል ቦርሳ ተሸክሞ ቆሟል። “ፋዘር፣ ኦርደር ነው” አለኝ። ፋዘር! ባልወለድኩት! እኔ ቄስ ነኝ?

ወገኖቼ፣ ነገሩን እስቲ አስቡት። ድሮ እንግዳ ርቦት ይመጣል፣ እኛ አብልተነው ይሄዳል። ዛሬ እንግዳው ርቦት እያለ ምግብ ተሸክሞ፣ ዝናብ ላይ በሞተር መጥቶ፣ አራት ፎቅ ወጥቶ፣ ለጠገብነው ሰጥቶን ይሄዳል። ምግቡ እጁ ላይ ይሸታል፤ እሱ ምራቁን ውጦ “መልካም ምግብ” ብሎ ይወርዳል። ይኼን ዓለም ማን ገለበጠው? ሳስበው አንጀቴ ተላወሰ። አንጀቴ እንደተላወሰ “ኮተቱን ምንጣፉ ላይ እንዳታሳርፍብኝ፣ እዚያው ሆነህ ስጥ” አልኩት።

የልጅ ልጄ ከኋላዬ መጣች። “ውይ፣ ረጠብክ! በረዶው እስኪያቆም ግባ” አለችው። ልጁ እኔን አየ። እሷ እጁን ጎትታ አስገባችው። የት ብታስቀምጠው ጥሩ ነው? የእኔ ወንበር ላይ! ዜና የማይበት ወንበር! ወዲያው ፎጣ ወረወረችለት፤ የኔን ፎጣ። ያዘዘችውን በርገር የሚሉትን ነገር ገምሳ ግማሹን በወረቀቱ ሰጠችው፤ ሻይ አፈላችለት፤ ካልሲውን አውልቆ ማሞቂያው አጠገብ እንዲያሰጣ አደረገችው። ስሙን አልጠየቀች! አገሩን አልጠየቀች! የማን ልጅ እንደሆነ ሳታውቅ! ይህን የመሰለ ቸልተኝነት በአባቴ ቤት አይታሰብም።

ወጉንስ ብትሉ፣ እጅ አላስታጠበችውም። ሞሰብ የለ፣ “በሞቴ” የለ፤ “ብላ እንጂ” ብቻ። ለመጠጥ የሰጠችውም የታሸገ ውሃ ነው። በላኤ ሰብእ ሰባ ስምንት ነፍስ በልቶ በእመቤታችን ስም በሰጣት ጥርኝ ውሃ ነው የዳነው፤ በእጁ እፍኝ፣ ከገዛ ቅሉ! በፕላስቲክ የታሸገ ውሃ ሰጥቶ ጸደቀ ሲባል እኔ አልሰማሁም። እግሩንም ቢሆን ማንም አላጠበለትም፤ ያን ሁሉ ጭቃ ይዞ ምንጣፌን ረገጠው። የዛሬ ጭቃ ደግሞ ዘይት ዘይት ይላል፤ በኦሞም አይለቅ።

እኔ ወግ ስለማውቅ እንግዳውን ብቻውን አልተውኩም። ፊት ለፊቱ ቆሜ እስኪጨርስ አየሁት። ሶፋው ላይ የነበረውን ጋቢዬንም አንሥቼ ለበስኩት፤ በርዶኝ ነው። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ጠይቄያት አልነገረችኝም። በእኛ ዘመን ሴት ወይዘሮ ምክንያቱን ሳትናገር አትስቅም ነበር።

በረዶው ሲያባራ ልጁ ተነሣ። የልጅ ልጄ ትልቅ ፌስታል ቀዳ ትከሻው ላይ አጠለቀችለት። “ፋዘር፣ ዕድሜ ይስጥዎ” አለኝና ወረደ። ምርቃት ተብሎ ነው እሱ? በእኛ ጊዜ ምርቃት አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ከብቱ ሳይቀር በስሙ እየተጠራ ይመረቅ ነበር። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ይኼ ልጅ በሠፈራችን ባለፈ ቁጥር፣ ትእዛዝ ሳይኖር፣ ደረጃውን ወጥቶ ደወሉን ይመታል። “ምንም አይደለም ፋዘር፣ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው” ይላል። ያለ ጉዳይ! ሥራ የለውም? ባለቤቴ ደግሞ እሱ ይመጣ ይሆናል እያለች ዳቦ ቆራርሳ ማስቀመጥ ጀምራለች። ዘበኛውም ለምዶት አንድ ቃል ሳይጠይቅ ያሳልፈዋል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አነሣዋለሁ።

እንግዲህ የዘመኔ ሰዎች፣ ይህ ነው የደረስንበት። እንግዳ ተቀባይነት ሞቷል፤ ቀብሮታል ይኼ ትውልድ። በዚህ ቤት እሱን የማስታውሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ስለዚህ ልባችሁ ያዘነ ሁሉ ኑ፤ አብረን እንዘን። በሬ የአባቴ በር ነው፣ ለማንም ክፍት ነው። ብቻ በዜና ሰዓት አትምጡ። ከምሳ በኋላ ጋደም እላለሁ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ምንም አይቀርብላችሁም። ለዘበኛው የእኔን ስም አትጥሩበት፤ የእኔን ስም የሚጠራ እንዳያስገባ ነግሬዋለሁ። የልጅ ልጄን ስም ጥሩ፣ ያሳልፋችኋል። እግራችሁን ግን ከቤታችሁ ታጥባችሁ ኑ፤ እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው።